ሳይታጠብ የቀረው ሠርግ

የሁዜይፋ ፎቶ ቤት መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ነው። አባቱ ጋሽ ሙሐመድኑር ግድግዳው ላይ ያሳሉት ፏፏቴ ቀለሙ ቢለቅም ዛሬም አለ። እኔና ሁዜይፋ ተማሪ ሳለን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ፎቶ የተነሣነው እዚያ ፏፏቴ ፊት ነበር። ያን ቀን ጋሽ ሙሐመድኑር ጨለማው ክፍል አስገቡን፤ ነጭ ወረቀት ፈሳሽ ውስጥ ነክረው ሲያወዛውዙት የራሳችን ፊት ቀስ እያለ ብቅ አለ። ፎቶ ማጠብ ሲባል እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ጨለማው ክፍል የኮምፒውተር ክፍል ሆነ። ኔጌቲቭ ያለመጣል ልማዳቸው ግን ለልጃቸው ተረፈ።

ሁዜይፋ ሠርግ ይቀርጻል። ከዓመታት በፊት ካሜራው ቪዲዮ በጥሬው እንዲቀርጽ የሚያደርግ ፕሮግራም አውርዶ ጫነበት። ጥሬ ቪዲዮ መጀመሪያ ሲያዩት ደብዛዛ ነው፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ኋላ በኮምፒውተር ማውጣት ያስፈልጋል። "አባቴ ያጥብ የነበረው ይኸንኑ ነው፤ ውሃው ብቻ ቀረ" ይለኝ ነበር በኩራት። ክፋቱ ካርድ ይበላል። ያን ጊዜ ደግሞ ድምፅም አይቀዳም።

የአብሮ አደጋችን የሐረግ ሠርግ ላይ ጉድ የሠራውም ይኸው ነው። ገበያ መሐል ሲሞክር ሰንብቶ፣ ካሜራውን ወደ ተለመደው አቀራረጽ ሳይመልሰው ሄደ። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ጥቂት እንደቀረጸ ካርዱ ሞላ፤ መለዋወጫ አልያዘም። ሚዜዎቹ "ሁዜይፋ የሙሽራዋን እግር ቀርጾ ፊቷን ለከርሞ ቀጠረ" እያሉ ስንት ጊዜ ቀለዱበት። ያቺ ቅንጭብ ለማንም ሳትሰጥ፣ በጥሬዋ፣ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ቀረች።

ባለፈው ሚያዝያ እሱ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ሐረግ ከአቀስታ መጣች። ጥቁር ለብሳለች።

"ሁዜ፣ እማዬን ቀበርናት።"

"ሰማሁ እታለም። እትዬ የትምወርቅን አሏህ ይርሐማቸው።"

"ፎቶ የላትም። መታወቂያዋ ላይ ያለችው ሌላ ሴት ነው የምትመስል። ያን ቀን የቀረጽካት ካለች ብዬ ነው።"

"ኧረ እሳቸው ሸሽተውኝ ነበር! 'የልጄ ሠርግ ላይ ከል አይታይም' ብለው በሩ ጀርባ ገቡ።"

የሐረግ አባት የሞቱት በሠርጉ ዓመት ነበር። ሐረግ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

"እልል እንኳ አላለችልኝ። ስወጣ የእሷን ድምፅ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የጎረቤት ብቻ። ትዳሩን ሳትወደው ዳረችኝ ብዬ ይኸን ሁሉ ዘመን ከነቂሜ ኖርኩ።"

"አብሽሪ፣ እስቲ እንየው።"

ፋይሉን ከፈተው። ሐረግ በቬሎዋ ከበሩ ትወጣለች፤ ከኋላዋ ያለው የበሩ ክፍተት ጥቁር ነው።

"ጨለማ ነው እኮ!"

"ጥሬ ስለሆነ ጨለማው ውስጥ ያለውን ይዟል። የተለመደው ቢሆን ኖሮ ጠፍቶ ነበር የሚቀር።"

ኮምፒውተሩ ላይ የጥላውን ብርሃን ወደ ላይ ገፋው። መጀመሪያ የጭቃው ግድግዳ መጣ። ቀጥሎ የተሰቀለ ወንፊት፣ ከዚያ ጥቁር ቀሚስ። ልክ ጋሽ ሙሐመድኑር ወረቀቱን እንዳወዛወዙበት ቀን፣ ልክ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ፊት ብቅ አለ። እትዬ የትምወርቅ አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው፣ ዓይናቸውን ልጃቸው ጀርባ ላይ ተክለዋል። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ሁዜይፋ ሲያስኬደው ግን በጣቶቻቸው መሐል ምላሳቸው ሲርገበገብ ታየ።

"እልል እያለች ነው" አለች ሐረግ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ሁዜይፋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። "ምስሉ ላይ ብናኙ በዛ፤ ላጥራው?"

"ተው፣ እሷንም ታጠራብኛለህ።"

"ድምፅ ስለሌለው ዘፈን ላስገባበት?"

"ዘፈን! አንተ ሰውዬ፣ ሠርጌን አንዴ ማበላሸትህ አይበቃህም?" ሣቀች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። "ድገመው።"

ደገመው። ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች "ደሴ! ደሴ!" እያሉ ይጮኻሉ። ሐረግ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል የኋሊት ተራምዳ በሩን ዘጋችው።