ያላስገባሁት ማመልከቻ የተጸለየለት እሑድ

ነገሩ የሆነው አምና፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አልፎ የሶዶ ሰው ወደ ሥራው በተመለሰበት ሰሞን ነው። ዛሬም የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን የቀረኝ ማልቀስ ብቻ ነበር።

በሕግ ተመርቄ እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ ወራት ተቆጥረዋል። እናቴ ሶዶ ገበያ ቅቤ ትነግዳለች፤ እኔንም ያስተማረችኝ በዚያው ቅቤ ነው። አጎቴ ደግሞ ቤሌ ከተማ ሱቅ ስላለው "ካልሆነላት ትምጣና ሱቁን ትያዝልኝ" ብሎ ልኮብናል። ሱቅ መያዝ ነውር የለውም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሕግ ተምሬ ሚስማርና ሳሙና መሸጥ አልፈለግኩም።

በዚህ መሀል ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ የጥብቅና ቢሮ ሁለት ተለማማጆች እንደሚቀበል ማስታወቂያ አወጣ። ቴሌግራም ላይ አየሁት። ዲግሪ ይላል፤ አለኝ። አማርኛና ወላይትኛ የሚናገር ይላል፤ እናገራለሁ። መጨረሻው ላይ "በራሱ የሚተማመን" ይላል። እሱ ላይ ስደርስ ስልኬን ዘጋሁት።

ምክንያት አለኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለን በልምምድ ችሎት ላይ ለተከሳሽ እንድከራከር ተመድቤ ነበር። ተነሣሁና "ክቡር ፍርድ ቤት" አልኩ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ቃል ጠፋ። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መምህራችን "ቀጥይ እንጂ" ቢለኝ አሁንም "ክቡር ፍርድ ቤት" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስክመረቅ ድረስ ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምሳ በላሽ?" ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰብሰብ ባለበት አፌን አልከፍትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እንደ ምንም ብዬ ማመልከቻውን ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት ልብሴን ተኩሼ ፖስታዬን ይዤ ወጣሁ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ዳቦ ቤት አለ። ደረጃው ላይ ከረባት ያሰሩ ሁለት ልጆች ፖስታቸውን ይዘው በእንግሊዝኛ እያወሩ ይሳሳቃሉ። በእንግሊዝኛ ከሚስቅ ሰው ጋር እንዴት አባቴ ልወዳደር? ተመልሼ ወረድኩና ዳቦ ቤቱ ገብቼ ቦምቦሊኖ በላሁ። ደገምኩ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቤት። ፖስታው ፍራሼ ሥር ገባ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ የተተኮሰውን ልብሴን አይታ "ሄድሽ?" አለችኝ።

"ሄጄ መጣሁ" አልኳት። ሄጃለሁ፣ መጥቻለሁም። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የጸሎት ርዕስ የሚነበብበት ሰዓት ደረሰ። ኦቶና ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን ተጸለየ፣ ቦምቤ ከተማ ለሄዱ አገልጋዮች ተጸለየ። ከዚያ መሪው ወረቀቱን ገለበጠና "እህታችን ምሕረት የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ለመለማመድ አመልክታለች፤ ጌታ በሩን እንዲከፍትላት እንጸልይ" አለ።

ምሕረት እኔ ነኝ።

ዞሬ እናቴን አየኋት። ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታለች። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ጸሎቱን አቀለጠው። አጠገቤ ያሉት እናቶች እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ፤ አንዷማ እንባዋ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሰው በላብ ተጠምቆ ሲጸልይልኝ ፖስታዬ ፍራሽ ሥር ተኝቷል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስንወጣ የባሰው መጣ። ከመዘምራኑ መሀል እህት አስቴር የምትባል ሴት እጄን ያዘችኝ። ለካ የዚያ ቢሮ ጸሐፊ እሷ ናት! ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምሕረትዬ፣ ማመልከቻ የምቀበለው እኮ እኔ ነኝ። ያንቺን አላየሁትም። ለማን ነው የሰጠሽው?"

ልናገር አፌን ስከፍት እናቶች በወላይትኛ ሰላምታ "ሳሮ፣ ሳሮ! አይዞሽ፣ ጌታ ሰምቶናል!" እያሉ ከበቡኝ። ጉንጬን ስመው እስኪለቁኝ ድረስ አስቴር "ነገ በጠዋት እፈልገዋለሁ" ብላ ሄዳለች።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አስቴር ናት፤ ቁጥሬን የሰጠቻት እናቴ ነበረች። "ቢሮውን ገለበጥነው፣ የለም" አለችኝ። "አቶ ጌታሁን 'የሰው ማመልከቻ ጣልሽ' ብለው በጣም ተቆጥተውኛል። ቅጂ ካለሽ በናትሽ ይዘሽልኝ ነይ። ዛሬ መጨረሻው ቀን ነው።"

እኔ በፈራሁት እሷ ከሥራዋ ልትባረር ነው? ፖስታውን ከፍራሽ ሥር መዥርጬ፣ ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር፣ በነጠላ ጫማ ባጃጅ ላይ ዘለልኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

የቢሮው ባለቤት አቶ ጌታሁን ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ናቸው። አስቴር አንገቷን ደፍታ ፊታቸው ቆማለች።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ እሷ አልጣለችም!" አልኩ ከበሩ ላይ።

"አንቺ ደግሞ ማነሽ? አለመጣሏን በምን አወቅሽ?"

ምን እንደነካኝ እንጃ። "መጣሏንስ እርስዎ በምን አወቁ?" አልኳቸው። "የገቢ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ ስሜ አለ? የለም። ስትቀበል ያየ ምስክር አለ? የለም። ያልተሰጣትን ወረቀት እንዴት ትጥላለች? ደግሞስ ማስረዳት ያለበት ከሳሽ ነው እንጂ ተከሳሽ ነው እንዴ? በወሬ ብቻ እንጀራዋ ሊነካ አይገባም። ስለዚህ፣ ክቡር ፍርድ ቤት..."

እዚህ ላይ ነው የባነንኩት። በነጠላ ጫማ ቆሜ፣ የሰው ቢሮ ውስጥ፣ ባለቤቱን ክቡር ፍርድ ቤት እላለሁ። አለቀልኝ፣ ደግሞ ሊሳቅብኝ ነው አልኩ በልቤ።

አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ፍርድ ቤቱ እየሰማ ነው" አሉ፣ ፈገግም ሳይሉ። "ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና "ማመልከቻው ይኸው። ፍራሼ ሥር ነበር። ፈርቼ ነው ያላስገባሁት፤ እናቴ ደግሞ ገብቷል ብላ አስጸለየችልኝ" አልኳቸው።

"ኧረ አንቺ ልጅ! ልትገድይኝ ነበር እኮ!" አለች አስቴር። እንባዋን እየጠረገች መሳቅ ጀመረች። አቶ ጌታሁንም አልቻሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

"አስቴር በነጻ ተሰናብታለች" አሉ በመጨረሻ። "ጠበቃዋ ግን እንደ ማንኛውም አመልካች ረቡዕ ለፈተና ትቅረብ። ጫማ አድርገሽ ነይ።"

ረቡዕ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። እነዚያ በእንግሊዝኛ የሚስቁት ልጆችም ነበሩ። አንዱ ከመግባታችን በፊት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በአማርኛ "አንቺ አልፈራሽም? እኔ ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል" አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምስኪኑን አይዞህ አልኩት። ቃለ መጠይቁ ላይ አፌ አልተዘጋም።

ዓርብ ተደወለልኝ፤ በፈተናው ሁለተኛ ወጥቼ ተቀብለውኛል። በሩጫ ገበያ ሄድኩ። እናቴ ቅቤ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ስነግራት እልልታዋን ለቀቀችው፤ የጎን ነጋዴዎቹም ተቀበሏት። ጫጫታው ጋብ ሲል፣ ነገሩን በሆዴ መያዝ አልቻልኩምና ወጣልኝ።

"እማዬ፣ ያን እሑድ ስታስጸልዪልኝ ማመልከቻው አልገባም ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። "ዓርብ ዕለት አልጋሽን ሳነጥፍ አገኘሁት።"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን አስጸለይሽ?"

"ገብቶ ቢሆንማ ብቻዬን ቤቴ እጸልይልሽ ነበር። ያልገባ ስለሆነ ነው ጉባኤ ያስፈለገው። ማመልከቻ ተቀባይዋ አስቴርም ከፊት እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ገበያ መሀል ዋጋ ከጠራሽ በኋላ መመለስ አለ እንዴ?"

"እማዬ! በኛ ምክንያት አስቴርን አለቃዋ ተቆጧት እኮ!"

ይሄኔ እጇ ቆመ። "እሱንስ አላሰብኩትም" አለችና ካለው ቅቤ ትልቁን አንሥታ ጠቀለለችልኝ። "ለአስቴር አድርሺላት። የዳጣ በርበሬም ቤት አለ፤ ጨምሪላት።" ልቆጣት ነበር የፈለግኩት። ግን አቅፌያት ቅቤው ላይ አለቀስኩ፤ "ዕቃዬን አታበላሺ" ብላ ገፋችኝ።

ዛሬ ያንኑ ደረጃ በየቀኑ እወጣለሁ። ፍርሃቱ ለቆኛል ብል ውሸቴን ነው፤ ችሎት በገባን ቁጥር ልቤ ድው ድው ይላል። ነገር ግን የጻፍኩትን ወረቀት በዚያው ቀን አስገባለሁ። ፍራሽ ሥር ቢያድር እሑድ ጉባኤ ፊት እንደሚነበብ አውቃለሁና።