ወለተጊዮርጊስና የጌሾው ዘነዘና

ተረፈ ሚስቱን ወለተጊዮርጊስን ለመጀመሪያ ጊዜ የመታት በጋን ክዳን ነው። ከተጋቡ ገና ስምንት ወራቸው ነበር። ጠላው ቀጠነ ብሎ ነው። ክዳኑ የሸክላ ስለነበር ግንባሯ ላይ ተሰበረ። ደሟ እየወረደ እሷ መጀመሪያ ያደረገችው ጎንበስ ብሎ ስባሪውን መልቀም ነበር፤ ጋኑ ውስጥ እንዳይገባ ፈርታ።

ይህ የሆነው በ1952 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ነው። ተረፈ የአንድ ባለርስት የእህል ጎተራ ዘበኛ ነበር። ቀድሞ ወታደር ሆኖ ያውቃል፤ ከወታደርነት የቀረው አንድ ካፖርትና ከእጁ የማይለይ የወይራ ቆመጥ ነው። ወለተጊዮርጊስ ከክስታኔ አገር መጥታ ያገባች የሃያ ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችው ሙያ ጠላ መጥመቅ ነበር። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጥባ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ጌሾውን ራሷ ትወቅጣለች እንጂ ለማንም አትሰጥም። ጥንስሱን ስትገለብጥ ከታች የሚቀረውን ደለል አትደፋውም፤ በትንሽ ማሰሮ አስቀርታ ለሚቀጥለው እንደ እርሾ ትጨምረዋለች። በዚህ የተነሳ ጠላዋ ከጎረቤት ጠላ ሁሉ ሁለት ቀን ቀድሞ ይደርስ ነበር።

የገበያ ቀን ሰው ደጇ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ተረፈን ያንገበገበው ይህ ነው። ጠላው ጥሩ ሲሆን «ለማን ብለሽ ነው እንዲህ ያሳመርሽው?» ብሎ ይመታታል። መጥፎ ሲሆን ደግሞ መጥፎ ነው ብሎ ይመታታል። አንድ ጊዜ የግራ እጇን አንጓ ሰበረው፤ በወጌሻ ታሽቶ ቢድንም ብርድ ሲሆን ያማት ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ ዘመድ ሸሸች። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎች ሰብስበው አስታረቋት።

በ1955 ዓ.ም. የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች፣ እንኩሮ ስታምስ ከኋላዋ መጥቶ በጫማው ሆዷን ረገጣት። ምክንያቱን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ልጁ በማግስቱ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡና ከመካከላቸው አንዱ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አላት። ወለተጊዮርጊስ ተነሥታ የእርሾ ማሰሮዋን አነሳች። ወጥታ ወደ ከድጄ ቤት ሄደች።

ከድጄ ጌሾ የሚሸጥላት የሰይዶ ሚስት ናት። ሰይዶ ከመስቃን ጌሾና በርበሬ በአህያ እየጫነ፣ ተራራውን ተሻግሮ በአረቅጥ በኩል እስከ ወልቂጤ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ዕድሜ ልኩን ጌሾ ሲሸጥ ጠላ ግን በአፉ ገብቶ አያውቅም።

«ነገ ረፋዱ ላይ ሰይዶ ይጭናል» አለቻት ከድጄ። «አብረሽው ሂጂ።»

«ተረፈ ቢደርስብንስ? የሰው ሚስት ይዞ ጠፋ ቢባልስ?»

«ይበሉ። የላክሁሽ እኔ የገዛ ሚስቱ ነኝ።»

ወለተጊዮርጊስ ሦስት ቀን ከአህዮቹ ኋላ ተራመደች። ደሟ ገና አልቆመም ነበር። ሰይዶ በመንገድ ላይ ብዙ አላወራትም፤ ዳገት ሲሆን ብቻ አንዷን አህያ አራግፎ ጭነቱን ለሌሎቹ ያከፋፍልና «ውጪባት» ይላታል። ከልብሷ ሌላ የያዘችው ነገር ቢኖር በቅጠል የታሸገች የእርሾ ማሰሮዋን ነው።

ወልቂጤ የጅማ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናትና የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳት አይጠፋባትም። ተናኘወርቅ የምትባል ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ መበለት ከጓሮዋ ያለውን ቤት አከራየቻት። በሦስት ዓመት ውስጥ ወለተጊዮርጊስ ሦስት ጋን አቆመች። ሰይዶ በየወሩ ጌሾ ያመጣላታል። እሷም ጌሾ የሌለበት ቀሪቦ ለብቻ ጠምቃ ትጠብቀዋለች። «ወለቴ፣ ይሄን ለእኔ ብለሽ መድከምሽ» ይላል ሁልጊዜ፤ ሁልጊዜም ሁለት ጣሳ ይጠጣል።

ተረፈ ያለችበትን የሰማው ከአንድ ሾፌር ነው። በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ በአንድ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ካፖርቱን ለብሶ ቆመጡን ይዞ ደጇ ላይ ቆመ። ውስጥ ስድስት ጠጪዎች ነበሩ። ሰይዶ ጭነቱን አራግፎ በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጧል። ወለተጊዮርጊስ ጥግ ላይ ጌሾ ትወቅጥ ነበር።

«ሚስቴን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ ተረፈ። «ማንም እንዳይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። ተረፈ አልፏቸው ገባና የመጀመሪያውን ጋን በቆመጡ መታው። ጋኑ ከወገቡ ተከፈለና ጠላው ወለሉን አጥለቀለቀው። ከጠጪዎቹ አንዱ እግሮቹን ወደ መደቡ ሰቀለ፤ ጣሳውን ግን አላስቀመጠም። ተረፈ ሁለተኛውን መታ።

«ተረፈ፣ ተው» አለች።

«ለዚህ ነው የሸሸሽኝ? ለአተላ?»

ቆመጡ ትከሻዋ ላይ አረፈ። የአጥንቷን ድምፅ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። ፀጉሯን በግራ እጁ ጠቅልሎ ወደ በሩ ይጎትታት ጀመር። ሰይዶ ተነስቶ ክንዱን ሊይዝ ሞከረ፤ ተረፈ በክርኑ ደረቱን ሲመታው ከምሰሶው ጋር ተላትሞ ወደቀ። ተረፈ ወደ እሷ ዞሮ «ሬሳሽን እጭናለሁ» አለና ቆመጡን ወደ ራሷ አነሳ።

ዘነዘናው ከእጇ አልወጣም ነበር። በደህናው እጇ ሰንዝራ ጆሮ ግንዱን አለችው። ፀጉሯን ለቀቀው፤ ግን አልወደቀም፤ ቆመጡን መልሶ አነሳ። በሁለተኛው አናቱን መታችው። ጠላው ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመችው።

ተናኘወርቅ ከጓሮ ሮጣ ስትመጣ ወለተጊዮርጊስ ዘነዘናውን ታቅፋ ቆማ ነበር። ጫፉ ላይ የተወቀጠ ጌሾና ፀጉር ተጣብቆበታል። ተረፈ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ፖሊሶች ወስደው አሰሯት። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ስድስቱ ጠጪዎች ቃላቸውን ሲሰጡ ስድስት ዓይነት ነገር ተናገሩ። አንዱ አምስት ጊዜ መታችው አለ። አንዱ ሟቹ እጁን አላነሳም አለ። አንዱ ተኝቼ ነበር አለ። ዐቃቤ ሕጉም ሰካራሞች ናቸው ብሎ በአንዳቸውም እንደማይተማመን ገለጠ። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ያልጠጣ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ተናኘወርቅ ሰይዶን ከገበያ ጠርታ ወሰደችው።

«ጋሽ ሰይዶ፣ ሁለት ጊዜ መታችው በል። ሦስተኛውን ተወው።»

«መትታዋለች እኮ።»

«ቁጥር ነው፤ ማን ይቆጥረዋል?»

«እኔ ቆጥሬዋለሁ» አለ ሰይዶ። «ቁርኣን ይዤ ነው የምምለው፣ ተናኘ። እሷ እንደ ልጄ ናት። ግን ቁርኣን ይዤ ነው።»

ተናኘወርቅ አለቀሰች፤ ሰደበችው፤ የክርስቲያን ልጅ ስለሆነች ነው አለችው። ሰይዶ ሰምቷት አህዮቹን ነድቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የተረፈ ወንድም ኃይሌ ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሰማው ሰይዶ ሴትዮዋን በተራራ ያሸሸ ሰው መሆኑንና አሁን ለእሷ ሊመሰክር መሆኑን ነው። ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከአረቅጥ በላይ፣ ጭጋግ ባለበት ጠዋት፣ ከሁለት ሰዎች ጋር መንገድ ላይ ጠበቀው። መጀመሪያ ፊተኛዋን አህያ በገጀራ አንገቷን ብለው ጣሏት። ከዚያ ሰይዶን አጋድመው በዱላና በድንጋይ ደበደቡት። መንጋጋው ተሰበረ፤ ስድስት ጥርሶቹ ወለቁ።

«ወልቂጤ ብትታይ የሚቀጥለው አንተ ነህ» አለው ኃይሌ፣ የሞተችውን አህያ እያሳየው።

ሰይዶ ከዚያ ተነስቶ ወደ ቤቱ መመለስ ይችል ነበር። ቁልቁለት ነው፤ ቅርብም ነው። እሱ ግን ጥምጥሙን ፈትቶ መንጋጋውን ከአናቱ ጋር አሰረና ወደ ወልቂጤ ወረደ።

ችሎት ላይ ሲቀርብ ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ በጭንቅ ይገለጡ ነበር። ዳኛው ማን እንደመታው ጠየቁት። በጣቱ ከኋላ የተቀመጠውን ኃይሌን አመለከተ፤ ኃይሌም እዚያው ተያዘ። ከዚያ ምስክርነቱን ሰጠ። የሚናገረው በተዘጋ ጥርስ ስለነበር ዳኛው እያንዳንዱን ቃል ያስደግሙት ነበር። ጋኖቹ መሰበራቸውን፣ ትከሻዋ መመታቱን፣ «ሬሳሽን እጭናለሁ» መባሉን ተናገረ።

«ስንት ጊዜ መታችው?»

«ሦስት።»

«በሦስተኛው ጊዜ ሟቹ ቆሞ ነበር?»

«ወድቆ ነበር።»

ወለተጊዮርጊስ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ብድግ አለች። «እጁ ተንቀሳቅሷል! ቆመጡን ሊያነሳ ነበር!»

ዳኛው ዝም አሰኟትና ወደ ሰይዶ ዞሩ። «እጁ ሲንቀሳቀስ አይተሃል?»

ሰይዶ መንጋጋውን በእጁ ደገፈ። ከጥምጥሙ ሥር ደም የተቀላቀለ ምራቅ ወረደ።

«አላየሁም» አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ሕይወቷን ለማዳን የተደረጉ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከመከላከል ያለፈ ነው ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። ሰይዶ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ሃያ ዓመት ይሆን ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ነግሯታል። እሷ ግን ሲያወጧት በአጠገቡ ስታልፍ ዓይኗን አዞረች።

እስር ቤት ውስጥ ሰው አልነካትም፤ ባሏን የገደለች ስለሆነች ይፈሯታል። እሷ ደግሞ የምትፈራው የገዛ እጇን ነበር። አንድ ቀን አንዲት እስረኛ በውሃ ወረፋ ገፈተረቻት። ወለተጊዮርጊስ ሳታስበው ባልዲውን አንስታ አናቷ ላይ ልታወርደው ስትል የሴትዮዋን ዓይን አየች። ባልዲውን አስቀምጣ ወጣችና እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራ እስኪመሽ ግንቡ ሥር ተቀመጠች። ከድጄ በነጋዴ በኩል የላከችላትን በሶ ሁለት ጊዜ መልሳዋለች።

በ1960 ዓ.ም. ስትፈታ ተናኘወርቅ ያንኑ ቤት አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ወለሉን አስቆፍራ በአዲስ አፈር አስለቅልቃዋለች። እርሾውንም የጎረቤት ሴቶች እየተቀባበሉ አቆይተውታል። ወለተጊዮርጊስ እንደገና ጠመቀች። ጌሾ ግን ከሰይዶ አትገዛም። ሌላ ነጋዴ የሚያመጣላት ጌሾ ያረጀ ስለነበር ጠላዋ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ደንበኞቿም ያጉረመርማሉ። ሰይዶ ከተማ ሲገባ በሌላ መንገድ ይዞራል።

አንድ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ ከድጄ ራሷ ተራራውን በእግሯ ተሻግራ መጣች። ሳትጠራ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«መንጋጋው ጠምሞ ነው የዳነው» አለች። «ቆሎ አይበላም። ከባድ አይጭንም። ይሄን ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዋሽቷል ትያለሽ?»

«አልዋሸም።» ወለተጊዮርጊስ ጋኑን ማጠቧን ቀጠለች። «እጁ ተንቀሳቅሶ ነበር፣ ከድጄ። እኔ አይቻለሁ። እሱ አላየሁም አለ።»

«ስላላየ ነዋ።»

«ቢሆንም።»

ከድጄ ተነሥታ ግራዋውን ከእጇ ወሰደችና ጋኑን እሷ ትፈትግ ጀመር። ጋኑ ታጥቦ ሲያልቅ ወለተጊዮርጊስ ቁጭ ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ለልጇም፣ ለተረፈም ጭምር ነው፤ ከችሎቱ ጀምሮ ስታለቅስ ያያት ሰው አልነበረም።

«ይምጣ» አለች በመጨረሻ። «ያው ጌሾውን ይዞ ይምጣ።»

መጣ። ስለ ችሎቱ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። በእሷ ቤት ደግሞ ከዚያ ወዲያ እጁን ያነሳ ጠጪ ጣሳው ሳያልቅ ይወጣል። ፊታቸው አብጦ የሚመጡ ሴቶችን በጓዳዋ ታሳድራለች፤ ጥንስስም ታስተምራቸዋለች። አንዷ «እኔም ብመታው?» ብላ ብትጠይቃት «አንድ ጊዜ ምቺና ሩጪ» አለቻት፤ ስትናገር ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ሰይዶ በ1965 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ሞተ። ወለተጊዮርጊስ ወሬው በደረሳት ዕለት ቤቷን ዘግታ ተራራውን ተሻገረች። በከድጄ ቤት ከሴቶቹ ጋር ሦስት ቀን ተቀመጠች። ጠንስሳው የመጣችው ጋን ስላለ በአራተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች።