ግማሽ ኩባያ

በፈረንጆቹ 1961፣ የካቲት ነበር፤ ወይስ መጋቢት? ኩልያሽ እርግጠኛ አይደለችም፤ በረዶው መቅለጥ መጀመሩን ግን ታስታውሳለች። በካዛኮች አገር፣ ቲዩራታም ባቡር ጣቢያ ወዳለው ሻይ ቤቷ የሚመጣው ወታደር ትከሻው ላይ ማዕረግ አልነበረውም። ወንበር ላይ ጀርባውን አያስደግፍም፤ ሳይጠጣም በሁለት ጣቱ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ከጣቢያው ማዶ የሰፈረው ጦር ሰው ወደ ሕዋ ሊልክ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

«ይደበድቡሃል እንዴ፣ አንተ ልጅ?» አለችው።

«የሰው ገላ ምን ያህል እንደሚችል ይሞክሩብኛል። አንቺ ግን እትዬ ኩልያሽ፣ ስስታም ነሽ፤ ሁልጊዜ ግማሽ ኩባያ።»

«በእኛ በካዛኮች ዘንድ ኩባያው ከሞላ ‹በቃህ፣ ሂድ› ማለት ነው። አንተ ቆይ።»

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ግማሹን እያስቀዳ ይቆይ ነበር።

አንድ ጠዋት ማንቆርቆሪያውን ራሱ አንስቶ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላው፤ ቆሞም ጠጣው። ወደ ቤትህ ነው ወይስ ወደ ላይ ብላ ሳትጠይቀው፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።