የጓደኛዬ ድምፅ ያለበት ላፕቶፕ

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ቢሮ ተጋርተን ኮምፒውተር እናስተምር የነበረው ጓደኛዬ የሞተው በዓቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ጉና ተራራ ሥር ለሚኖሩት እናቱ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጥቷቸው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ፣ ጠዋት ቁልፍ ሲጫኑ የዕለቱን በዓልና ጾም በራሱ ድምፅ የሚነግራቸው ፕሮግራም ሠርቶ ጫነላቸው። ቄሱ ከሚሉት ይልቅ ልጃቸው የሚለውን ያምኑ ነበር።

ለቅሶ ሄጄ እዚያው አደርኩ። ሰው ሲያለቅስ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ የሚሠራበትን ሲስተም በአዲስ ቀየርኩት። ላግዝ ብዬ እኮ ነው። ጠዋት እናቱ ቁልፉን ቢጫኑ ድምፅ የለም። አፍሬ፣ ላፕቶፑን ይዤ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ፕሮግራሙ አልጠፋም። ግን ብቻውን አይሠራም፤ ሲነሳ ድምፅ የሚያወጣለትን ፋይል፣ እኛ ላይብረሪ የምንለውን፣ ከሲስተሙ ይጠራል። አዲሱ ሲስተም አሮጌውን ላይብረሪ ጥሎ በአዲስ ተክቶታል። ስክሪኑ ላይ «አልተገኘም» የሚል ብቻ ይመጣል። አዲሱን ፋይል በአሮጌው ስም ሰየምኩት። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ። እንደገና እንዳልሠራው፣ የጻፈበትን ኮድ የትም አላገኘሁትም። በራሴ ተናደድኩ፣ በእሱም ተናደድኩ። የት እንዳስቀመጠው ልጠይቀው ስልኬን አነሳሁ፤ መሞቱ ትዝ ያለኝ ቁጥሩን ካወጣሁ በኋላ ነው።

ፋሲካ አለፈ። ጎረቤታቸው ደውላ እናቱ እስካሁን እንዳልገደፉ ነገረችኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ወተት አይነኩም፣ ከስተዋል። የነፍስ አባታቸው ቢለምኗቸው፣ ቢቆጧቸው፣ ጾሙ መፈታቱን ልጄ አልነገረኝም ብለው እምቢ አሉ። እሱን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ የትምህርት ቤታችን ዕቃ ክፍል ገብቼ የተጣሉትን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አስነሳሁ። አንዱ አሮጌው ሲስተም ነበረበት። ላይብረሪውን ቀድቼ ከፕሮግራሙ ጎን አስቀመጥኩና ሲነሳ መጀመሪያ እዚያ እንዲፈልግ አዘዝኩት። ተናገረ። «እማዬ» ሲል ዘጋሁት፤ ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ወሰድኩላቸው። መደቡ ላይ አስቀምጬ፣ «ይጫኑት እናቴ» አልኳቸው። ተጫኑት።

«እማዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ግን ሃምሳው አላለቀም፤ ጾም የለም። ብዪ።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«እንግዲህ ነገረኝ» አሉና አብራን የተቀመጠችውን ጎረቤታቸውን ወተት ጠየቁ።

ግማሹን ጠጥተው ብርጭቆውን ለእኔ አቀበሉኝ። ጾም ጾሜ የማላውቀው ሰውዬ፣ የዚያን ቀን ወተቱን ሳልቀምስ ላፕቶፑ ጎን አስቀመጥኩት።