በግራ ደረቱ ላይ የሰካሁት ኮከብ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ በቀጥታ ለእግዚአብሔር ንገር ነው የሚባለው። ለእግዚአብሔርማ ነግሬዋለሁ። እሱ ድሮም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ብዙ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለሰው መንገር ነው። እናንተን የመረጥኩት ስለማታውቁኝ ነው። ይኸውም ራሱ ፈሪነት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ቶለራ ሐሙስ ጠዋት ደህና ነበር። በረንዳው ላይ ቆሞ ሻዩን ጠጣ፣ ስኳር አነሰው ብሎ እናታችንን አስቸገራት። ከዚያ የጭነት መኪናውን ጎማ በመዶሻ እየመታ ማየት ጀመረ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ሥራዬ በር ላይ መቀመጥ ነበር።

ቶለራ ሾፌር ከመሆኑ በፊት ወታደር ነበር። ከሰላም አስከባሪዎች ጋር ሱዳን ድንበር ሄዶ ወባ ጥሎት ተመለሰ። እዚያ ሜዳሊያ የሚሰጠው ዘጠና ቀን ላገለገለ ሰው ነው። እሱ የቆየው ሰማንያ አንድ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን ጎደለው። ሰው ሲጠይቀው አያፍርም ነበር። «ሌላው በሰማንያ ሚስት ያገባል፤ እኔ በሰማንያ አንድ ወባ አገባሁ» ብሎ ይስቅ ነበር።

ያፈርኩት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ስብሰባ ላይ «ወንድሜ ሜዳሊያ አለው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ለምን አልኩት? አላውቅም። አይደለም፣ አውቃለሁ። ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ነው። አዩኝም። የወጣቶቹ መሪ በጣም ደስ አለው። በዚያው ሐሙስ፣ ገና ሻዩን ሳይጠጣ፣ ቶለራን መንገድ ላይ አገኘውና «እሁድ ሜዳሊያህን አድርገህ ና፤ በጉባኤው ፊት እናመሰግንሃለን» አለው።

ለዚህ ነው ጎማውን ሲመታ መዶሻው የበረታው።

«ገሜ፣ እኔ መቼ ነው የተሸለምኩት?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እንደገና አሰርኩ።

«ሶባ አወራህ አይደል? የጎደለኝን ዘጠኝ ቀን አንተ ሞላህልኝ። የት ሆነህ? እዚህ በር ላይ?»

ሶባ ውሸት ነው። ቶለራ ሲናደድ በኦሮምኛ ነበር የሚናደደው። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኦቦ ዲንቃ ቤት አመለከተ።

ኦቦ ዲንቃ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በቅሎ ጭነው ዘምተዋል። ከዚያ ያገኙት የእንግሊዝ ሜዳሊያ አለ፤ ባለ ስድስት ጫፍ የነሐስ ኮከብ፣ ሪባኑ የአሸዋ ቀለም ሆኖ መሐሉ ቀይ። ኦቦ ዲንቃ በበዓል ቀን ኮታቸው ላይ ያደርጉታል፣ ግን በቀኝ በኩል። የባጃጅ ልጆች ሁልጊዜ ይተርቧቸዋል፤ «ኦቦ፣ በመስታወት እያዩ ነው እንዴ የሰኩት?» እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያላቸው። «ግራ ለሠራ ነው፣ ቀኝ ለወረሰ። አባቴ ሠራ፣ እኔ ወረስኩ። የእንግሊዝ ሕግ ነው።» እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መርፌውን የሚሰካላቸውና ሪባኑን የሚያቃናላቸው ቶለራ ነበር።

«እኚህን ሰውዬ እያቸው» አለኝ ቶለራ። «አንድ ቀን በግራ አድርገው አያውቁም። ቢያደርጉ ማን ያውቅባቸዋል? ነገ ጠዋት ትሄድና ዋሸሁ ትላለህ። እኔ አልናገርልህም። ራስህ።»

«እሺ» አልኩት። «ነገ ጠዋት።»

ይህ ነው የመጨረሻ ንግግራችን። ወደ ባኮ ሄደ። በቆሎ ጭኖ ሲመለስ ጌዶ አጠገብ መኪናው ተገለበጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስከሬኑን ይዘው መጡ።

ነገ ጠዋት ያለው ጠዋት መጣ። መሄድ እንኳ አላስፈለገኝም፤ የወጣቶቹ መሪ ራሱ ለቅሶው ድንኳን ድረስ መጣልኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ገመቹ፣ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ እናድርግለት፣ ሕዝቡ ይየው» አለኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ዋሸሁ። ቃሉ አጭር ነው፣ እዚህ ስጽፈው እንኳ ጊዜ አልወሰደም።

«አመጣዋለሁ» አልኩት።

ኦቦ ዲንቃ ከንጋት ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ለለቀስተኛ አግዳሚ ወንበር እንዳወጣ የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተውኝ ነበር። አመኑኝና ሰጡኝ። ገባሁ። ኮከቡ ትራሳቸው ሥር በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ወሰድኩት። አግዳሚውንም አወጣሁ፤ ሌባ መሆኔ ከመታዘዝ አላገደኝም።

ቶለራን ሙሉ ልብስ አልብሰውት ነበር። ክራቫቱን ላስተካክልለት ብዬ ብቻዬን ገባሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን አስቡልኝ፤ የሽማግሌው እጅ የገዛ አባታቸውን ኮከብ ሲሰካ ይንቀጠቀጣል፣ የእኔ አልተንቀጠቀጠም። በግራ ሰካሁት። ለምን በግራ? ሕጉን ስለማውቅ። ሕጉን ከኦቦ ዲንቃ ተምሬ ለውሸቴ ተጠቀምኩበት። ነሐስ የነካ ጣት ይሸታል። ያን ሽታ ዛሬም እጄ ላይ ሳገኘው በሳሙና እታጠባለሁ።

ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «እንዲህ ያለ ወንድም» አለ። ለወንድሙ ክብር ተጨነቀ አለ። ውሸት ነው። የተጨነቅኩት ለራሴ ነው። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ቀን ያልጨመረውን ሰው፣ አፉ ሲዘጋ ጠብቄ ዘጠኝ ቀን ጨመርኩበት። ተነስቶ እንደማይክደኝ አውቄ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ኮከቡን ሳመችው። የሌላ ሰው አባት ኮከብ አሳምኳት። ይህን ሳስብ ከራሴ ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት ይቀፈኛል።

ኦቦ ዲንቃ እስከ ዛሬ ጎረቤቴ ናቸው። በበዓል ቀን ያንኑ ኮት ለብሰው ይወጣሉ፤ በቀኝ በኩል መርፌው የነበረበት ሁለት ቀዳዳ ይታያል። የባጃጅ ልጆች «ኦቦ፣ ኮከቡስ?» ሲሏቸው «አውሼዋለሁ» ይላሉ። በየቀኑ «አካም ቡልተን» እላቸዋለሁ፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው፤ እሳቸውም ደህና ይሉኛል። ለእናንተ የጻፍኩት ለእሳቸው መናገር አቅቶኝ ነው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም።

የቀረችኝን ልናገር። ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ለስንብት ሲሰለፉ ኦቦ ዲንቃ መጡ። አዩት። ብዙ ቆዩ። እጃቸውን ሲዘረጉ ሊነቅሉት መሰለኝ። አልነቀሉትም። ጠማማ ሰክቼው ኖሮ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሪባኑን አቃኑለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሜዳሊያው መጣለት እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

እውነቱን እንድናገር በር እየከፈቱልኝ ነበር። አውቀው።

«መጣለት፣ ኦቦ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። አናጢው ክዳኑን ገጠመ። ምስማር አቀብሉኝ ሲል ሰው ሁሉ ያለቅስ ነበር። አንድ በአንድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።