በር የማይንኳኳበት መንደር

ፌርፋክስ

የሄድኩት ለለቅሶ ነው። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለችውን ሱቄን ዘግቼ ሻንጣ ስጎትት ያየኝ ሁሉ «እንግሊዝ? ታድለሽ» ብሎኛል። ምኑን ታደልኩት? የታናሽ እህቴ የትርሲት ባል ሞቶ ነው። ራልፍ እንግሊዛዊ ነበር፤ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚያሳልፈውን የውሃ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አንድ ነገር ጠይቀውት ሁለት ቃል ከመለሰ ብዙ አወራ የሚባልለት ሰው። ልጅ የላቸውም። የሚኖሩት እዚያው ወንዝ ዳር፣ ትንሽ የገጠር መንደር ውስጥ ነው። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ ትርሲት ታፍርብኛለች።

ያንጨረጨረኝ ሞቱ ብቻ አይደለም። ቀብሩ መቼ ነው ስላት «ገና ነው እትዬ፤ ሦስት ሳምንት ይቆያል» አለችኝ። ሰው እንደ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይያዝለታል እንዴ? አለቀስሽ ወይ ስላት «ደህና ነኝ»። ሰው መጣ ወይ ስላት «ደህና ነኝ ስልሽ»። ትርሲት እኮ በልጅነቷ ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር ገብታ የምታለቅስ ልጅ ነበረች። አሁን ድምጿ ደርቋል። ሶ፣ ወሰንኩ። ሄጄ አስለቅሳታለሁ፣ ከቀብሩ በኋላ ደግሞ ይዣት ወደ ሎስ አንጀለስ እመለሳለሁ። እንባዋን ውጣ ብቻዋን እንድትቀር አልተዋትም።

ኤርፖርት ያደረሱኝ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ጎረቤቴ። ሻንጣዬን ሊያነሱ ሞክረው መልሰው አስቀመጡት።

«ምንድን ነው የጫንሽው? ድንጋይ ነው?»

«ስንዴና ሽምብራ ነው ጋሼ። ንፍሮ ልቀቅል።»

«እንግሊዝ አገር ስንዴ የለም?»

«ለቅሶ የማያውቅ አገር ሽምብራ ያውቃል ብዬ አላምንም።»

ሳቁብኝ። ሂሳብ ልስጥ ስል ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ከለቅሶ መንገደኛ አይወሰድም አሉ። «እግዜር ያጽናሽ ብለዋል በያት» ብለው መኪናቸውን አስነሱ።

ከአውሮፕላን ወደ ባቡር

ለንደን ስደርስ ጉምሩኩ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ወጣቷ ሠራተኛ ሽምብራውን በጓንት ዘግና አየችው። «ልትዘሪው ነው?» አለችኝ። ልበላው ነው አልኳት። ይሄን ሁሉ? ብቻዬን አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ ይበላዋል አልኳት። እስኪ አሁን ምኑን አውቄ ነው? መንደሩን ገና በዓይኔ አላየሁት።

ባቡር ውስጥ ራበኝና በስድስት ፓውንድ ገደማ ሳንድዊች ገዛሁ። ብከፍተው ውስጡ ኪያር ነው። ኪያር ብቻ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ እንዲህ ያለውን በደስታ ይበላል። ውጪ ያለው አገር ግን ያምራል፤ ውሸት አልናገርም። ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ፣ በጉ ሁሉ የታጠበ ይመስላል። ዝናቡም አይዘንብም፣ አያባራም፤ እንዲያው ይንጠባጠባል።

ጣቢያው ላይ ወርጄ ዞር ስል ትርሲት ቆማለች። ቀይ ካፖርት ለብሳለች። የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛለች። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ትቀመጣለች እንጂ እንግዳ ልትቀበል መኪና ትነዳለች? ጥቁር ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እንደ ወጉ ጮክ ብዬ እያለቀስኩ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ፣ የፓርኪንጉ ሰዓት ያልፍብኛል።»

እንባዬ እዚያው ደረቀ።

ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ለአንዲት መኪና እንኳ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው። መሀል ላይ ትራክተር መጣብን። ትርሲት ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ነዳች። ሰውዬው ሲያልፍ እጁን አነሳ፣ እሷም አነሳች። ይኸው ነው። ፌርፋክስ ላይ ቢሆን ጥሩምባው ቶራንስ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር። «ያውቅሻል?» አልኳት። «አዎ፣ ከራልፍ ጋር ዓሣ ያጠምድ ነበር» አለችኝ። የጓደኛው ሚስት እኮ ናት፤ ወርዶ አያጽናናትም? ደሜ ፈላ።

መንደሩ

ቤቶቹ ወንዙን ተከትለው አንድ ላይ ተጠጋግተዋል፤ ግማሾቹ የሣር ክዳን ናቸው። አባታችን ሣሩን አንስቶ ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰ ዕለት በግ አርዶ ጎረቤት ጠርቷል። እዚህ ደግሞ ሣሩን አንስቶ ሌላ ማልበስ በሕግ ክልክል ነው። የመንደሩ ቅርስ ነው ይላሉ። መስኮቱም ቅርስ ስለሆነ ድርብ መስታወት አይገባለትም፤ ነፋሱ እንደ ዘመድ ሳያስፈቅድ ይገባል። የትርሲት በር ቁመት ቅርስ ነው፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ግንባሬን ይለኛል። ራልፍ አንድ ጊዜ በሩን ቢጫ ቀብቶት፣ የቅርስ ኮሚቴው ደብዳቤ ጽፎበት መልሶ አረንጓዴ አደረገው አለችኝ።

ቁጭ ብዬ ሰው ጠበቅኩ። ንፍሮዬን ቀቅዬ፣ ወንበር ደርድሬ ጠበቅኩ። የሚመጣ የለም። ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ደጃፉ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ ተቀምጧል። በማግስቱ እንቁላል። ሌላ ቀን አበባና አንድ ካርድ። ያንኳኳ የለም፣ ገባ ያለ የለም። እንደ ድመት ደጃፍ ላይ ይመግቡናል አልኩ።

«እንዳይረብሹኝ ብለው ነው እትዬ። አክብሮት ነው።»

«ይሄ አክብሮታቸው አንቺንም እንዳይገድልሽ።»

የራልፍን ጫማ ታጸዳ ነበር። የሞተ ሰው ጫማ ማታ ማታ ትወለውላለች፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ፊቷ ላይ አንድ ጠብታ እንባ የለም። እሷን ሳይ ንዴቴ ወደ ፍርሃት ይለወጣል።

ሚስተር ኮሊን

«ቤት ውስጥ ከምትብሰለሰዪ መንደሩን ያሳዩሽ» ብላ ትርሲት ከሚስተር ኮሊን ጋር ሰደደችኝ። ሦስተኛው ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የቅርስ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። በዝናብ ክራቫት አስረው መጡ።

መንደሩን በደንብ አሳዩኝ፤ ይሄን አልክድም። ወፍጮ ቤቱን፣ የድንጋይ ድልድዩን፣ ወንዙ ዳር ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች። በየወንበሩ ላይ የሞተ ሰው ስም ተቀርጿል፤ «ይህን ቦታ ትወድ ነበር» ይላል አንዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ወንዙ የሞላባቸው ዘመናት በመስመር ተቀርጸዋል። እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየነኩ ውሃው እስከየት እንደ ደረሰ፣ የማን ላም እንደ ሰጠመች ነገሩኝ። የላሟን ባለቤት ስም ያውቃሉ። ስለ ራልፍ ግን አንድ ቃል የለም። የሞተ ድንጋይ ሁሉ ታሪክ አለው፤ ባለፈው ሳምንት የሞተው ጎረቤታቸው ግን የለውም።

አላስቻለኝም። «ይቺ የመጨረሻዋ መስመር ስትሠራ ራልፍ እዚህ ነበር?» አልኳቸው።

ጣታቸው መስመሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «ይቅርታ፣ የባለቤቴ መድኃኒት ሰዓት ደርሷል። ታማለች፤ ከፎቅ አትወርድም» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ድልድዩ ላይ በዝናብ ቆሜ ቀረሁ። የእሳቸውስ ደግ፤ በሽተኛ አለባቸው። ለመጠጥ ቤቱ ግን ምን ምክንያት ልስጥለት? ትንሽ ልሙቅ ብዬ ብገባ ምሳ አብቅቷል ተባልኩ። ገና ሰው እየበላ ነው እኮ።

ድንኳን

በማግስቱ ማለዳ የራልፍን የዕቃ ጎጆ ከፈትኩ። ከመቅዘፊያዎቹ ጀርባ የጀልባው ሸራ ተጠቅልሏል፣ ትልቅ፣ አሮጌ፣ አረንጓዴ። ምሰሶ የሚሆን እንጨትም አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ወንዙ ዳር ሰፊ ሣር አለ፤ አጥር የለው፣ ባለቤት የለው። እዚያ ተከልኩት። ወንበር ሲያንሰኝ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ታጣፊ ወንበሮች ተሸክሜ አመጣሁ። በሩ ክፍት ነበር።

ትርሲት በካልሲዋ ወጣች። «እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ድንኳን እየተከልኩ።»

«ለምን?»

«ሰው ሞቷል።»

«አሳፈርሽኝ። እዚህ እንደዚህ አይደረግም። አንቺ ነገ ትሄጃለሽ፣ እኔ ግን እዚህ ነኝ።»

«እኔም የማዝነው ለዚህ ነው» አልኳት። ተናዳ እንኳ ቢሆን መጥታ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

ብዙ ሳይቆይ ሚስተር ኮሊን መጡ። መጀመሪያ ያዩት ወንበሮቹን ነው። ከዚያ ሸራውን አዩ። «ይህ ሣር የመንደሩ የጋራ ነው» አሉ በትሕትና። «የመንደሩን መልክ የሚለውጥ ነገር ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?»

«ኮሚቴው።»

«ሰብሳቢው እርስዎ አይደሉም? እንግዲያው ቁጭ ብለው ያስቡበት።» ንፍሮ በሰሃን አቀበልኳቸው።

ሰሃን የያዘ ሰው ቆሞ አይቀርም። ተቀመጡ። ሽምብራዋን አንድ በአንድ እያነሱ ይበላሉ፣ ወንዙን ያያሉ። ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴት ቆማ አየችን፤ ወንበሩን አሳየኋት፤ ተቀመጠች። ባለትራክተሩም መጣ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሌሎችም ተጨመሩ። ማንም አይናገርም። ለካ ዝም ብሎ መቀመጡን ያውቁበታል፤ የጠፋባቸው ወንበሩ ነበር።

ሚስተር ኮሊን ሰሃኑን እያዩ መናገር ጀመሩ። «ወንዙ የሞላ ጊዜ» አሉ፣ «ባለቤቴን በጀልባ ያወጣት ራልፍ ነው። ውሃው ደረጃችን ላይ ደርሶ ነበር። እሷን አድርሶ ተመለሰና ድመቷን አመጣላት። በዚያው ወር ነው እኔ ስለ ቢጫው በር የጻፍኩበት። አረንጓዴ ቀባው። አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።» መሐረብ ፈልገው አጡና በክራቫታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ትርሲት ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ራልፍዬ» አለች፤ በአማርኛ፣ ከአንጀቷ፣ ድልድዩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ራልፍዬ፣ ጫማህን ለማን ልስጠው?» እኔም ተቀበልኳት። እንግሊዞቹ ይሸሻሉ ብዬ ነበር። አንዳቸውም አልተነሱም። ውሻ ያላት ሴት ወንበሯን ጎትታ መጥታ የትርሲትን እጅ ያዘች፤ ውሻው እንኳ ተኛ።

ሲመሽ ሚስተር ኮሊን ተነሱ። «እስከ ቀብሩ ቀን ይቆይ» አሉ። «ወንበሮቹን ግን ማስፈቀድ ነበረብሽ።»

መመለስ

ራልፍን ቀበርነው። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ ዝናቡ እንደ ልማዱ ተንጠባጠበ። ሸራውን አጥፌ ቦታው መለስኩት፣ ወንበሮቹንም አንድ ሳላጎድል። ከዚያ ትርሲትን «ሻንጣሽን አዘጋጂ» አልኳት።

«አልመጣም እትዬ።»

«እዚህ ማን አለሽ?»

«ዛሬ ጠዋት አንቺ ተኝተሽ ሦስት ሰው በሬን አንኳኳ። ገብተው ተቀመጡ። አንዷማ አልሄድ ብላኝ ነበር፤ ሥራ አስፈታችኝ።» ይሄን ስትል እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን በለቅሶ አብጧል። ያበጠ ዓይኗን ሳይ ክርክሬን ተውኩት። የተረፈውን ግማሽ ከረጢት ሽምብራ ጓዳዋ ውስጥ አስቀምጬላት ወጣሁ፤ በመጨረሻም ግንባሬን በሩ መታኝ።

ፌርፋክስ ስደርስ ሱቄ ፊት ለፊት የሚያቆሙት መኪኖች እንደ ወትሮው ይጯጯሃሉ። ሴቶቹ ተሰብስበው መጡ፣ ጋሼ ተፈራም መጡ፤ «ለቅሶው እንዴት ነበር?» አሉኝ። እንግሊዞች ቅርስ ያውቃሉ፣ እኛ ደግሞ ለቅሶ እናውቃለን ብዬ ልጀምር ነበር፤ በበረራው ሁሉ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ነው። ስልኬ ጮኸ። ትርሲት ናት።

«እትዬ፣ የሚስተር ኮሊን ባለቤት አረፈች። አሁን መጥተው በሬን አንኳኩ። ደጃፍ ላይ እንደ ቆሙ ናቸው፤ አልገባም አሉ። ሸራው የት እንዳለ ነው የሚጠይቁኝ።»

ጋሼ ተፈራ ፊቴን አይተው ወንበር አቀረቡልኝ።

«ጎጆው ውስጥ ነው በያቸው፤ ከመቅዘፊያዎቹ ጀርባ» አልኳት። «ወንበሮቹን ያስፈቅዱ። አንቺ ደግሞ ሽምብራውን አሁኑኑ ዘፍዝፊው።»