አሥረኛዋ ልጅ

ኦርሊንዳ ማየስታስ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ኤል ሬማንሶ በምትባለው የሰሜን ኒው ሜክሲኮ መንደር ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድማ ትሰማለች፤ ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ ሳይጠራ ታስታርቃለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ደግሞ ቤቷ ትምህርት ቤቱ ሆኗል። አውራጃው የመንደሩን ትምህርት ቤት «ተማሪ አነሰው» ብሎ የዘጋው ጊዜ፣ በየበሩ እየዞረች ፊርማ የለመነችው፣ «ልጆቻችን ለፊደል ተራራ ሊሻገሩ ነው ወይ?» ብላ ስብሰባ ላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች። ትንሹ ቻርተር ትምህርት ቤት የተከፈተው እንዲህ ተለፍቶ ነው። ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ የፈተና ውጤቱ ካላማረ ግን መንግሥት ፈቃዱን ይነጥቀዋል። ኦርሊንዳም በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጣት፤ ያረፈደውን ትቆጣለች፣ የሚያስለውን ሻይ ታጠጣለች።

ውጤቱ ግን አላማረም። እንዴትስ ይመር? ልጆቹ አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ናቸው፤ ግማሾቹን የሚያሳድጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። ከከተማ ሸሽተው መጥተው ፍየል ማርባት የጀመሩ ሰዎች ልጆችም አሉ፤ እነሱ ያነባሉ፣ ፍየሎቹ ግን ያልቁባቸዋል።

በረዶ በጣለበት አንድ ሰኞ ዳይሬክተሩ ሚስተር ሎቫቶ ጠረጴዛዋ ዘንድ መጥቶ ቆመ። መንግሥት ልጆቹን በየቡድኑ ከፍሎ ነው ውጤታቸውን የሚያወጣው፤ በዘር፣ በድህነት፣ በንባብ ድጋፍ። ቡድኑ ከአሥር ልጅ ካነሰ ግን፣ ማን ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ፣ በቁጥሩ ቦታ ኮከብ ያደርግበታል። በመንደሩ ከኮከቡ ጀርባ ማን እንዳለ ውሻው ሳይቀር ያውቃል፤ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ግን አያውቁም።

«የንባብ ድጋፍ የሚያገኙት ልጆች አሥር ናቸው፣ ሚስ ኦርሊንዳ» አለ። «የነሱ ውጤት ነው የሚያስዘጋን። ዘጠኝ ቢሆኑ ኖሮ…»

«አንዱ ቢሄድስ?»

«እኔ ማንንም ሂድ አልልም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ማንም ቢሆን ግን ለውጥ የለውም።»

«አናሊሲያ» አለች ኦርሊንዳ።

ማንም አላስገደዳትም። ስሙ ከገዛ አፏ ወጣ። ልጅቱ ከአሥሩ ደካማዋ አልነበረችም፤ እንዲያውም ጠረጴዛው አጠገብ የሚለጠፈውን የምሳ ዝርዝር በየጠዋቱ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀምራለች። የልጅቱ እናት ቲሊ ግን የኦርሊንዳ አበልጅ ናት። አናሊሲያ ክርስትና የተነሳችው በኦርሊንዳ ክንድ ላይ ነው። ሌላው ወላጅ ይከራከራል፣ ይሳደባል፤ ቲሊ ግን አበልጇን እምቢ አትልም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኦርሊንዳ ቲሊ ቤት ሄደች። ቲሊ ቦሎቄ በቀይ በርበሬ አቀረበችላት።

«አበልጄ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ግብር ሰብሳቢ መስሏል እኮ!»

«ሸለቆው ውስጥ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት የንባብ መምህርት አለችው ይባላል። ለልጅቱ አይሻላትም?»

ይባላል አለች እንጂ፣ መምህርቷ በመስከረም ለቃ ቦታው ባዶ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች።

«አውቶቡሱ ሳይነጋ ነው እኮ የሚነሳው።»

«ትለምደዋለች።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ!» አለች ቲሊ፣ ቦሎቄውን እየጨመረችላት። «ክርስትና እናቷ ክፉ አትመኝላት።»

አናሊሲያ በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር፤ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲያ አናሊሲያን የጫነው አውቶቡስ በጨለማ ሲያልፍ ኦርሊንዳ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፁን ትሰማለች፤ ብርድ ልብሱንም ወደ ጆሮዋ ትስባለች። አፈረች። ትምህርት ቤቱን አድኛለሁ እያለች ራሷን ብትሸነግልም፣ ኀፍረቱ አልለቀቃትም። ወሬኛዋ ሴት ዝምተኛ ሆነች፤ መንደሩም «አሟት ይሆናል» አለ።

ፈቃዱ ታደሰ። በጸደይ ድግስ ተደገሰ፤ የውጤቱ ሰንጠረዥም አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሚስተር ሎቫቶ «ያለ ሚስ ኦርሊንዳ እዚህ አንደርስም ነበር» ሲል ሁሉም አጨበጨበላት። ቲሊ ሳትቀር አጨበጨበች። ልጇ እዚያ ባትማርም «የመንደራችን ነው» ብላ አንድ ሳህን ብስኩት ጋግራ መጥታለች።

አናሊሲያ ሰንጠረዡ ፊት ቆማ በጣቷ ትከተላለች። ከታች በደቃቁ የተጻፈው ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ፣ እየተንቀራፈፈች አነበበችው። «ከ… አሥር… በታች… ለሆነ… ቡድን… ውጤት… አይወጣም።» ከዚያ ዞረች።

«እማማ ኦርሊንዳ፣ ይሄ ኮከብ የኛ ቡድን ነው አይደል? አሥር ነበርን። እኔ ስሄድ ዘጠኝ ሆኑ።»

ኦርሊንዳ ሰንጠረዡን አየች።

«ከሁላችንም የባስኩት እኔ ስለሆንኩ ነው?»

ቲሊ ሳህኑን እንደያዘች አጠገባቸው ቆማለች። ኦርሊንዳ በሕይወቷ ቃል አጥሯት አያውቅም፤ የሚያድን ውሸት አሁንም ምላሷ ላይ ነበር። የልጅቱን ዓይን አየችና ዋጠችው።

«አይደለሽም፣ ልጄ። ከብዙዎቹ ትሻይ ነበር። አንቺን የመረጥኩት እናትሽ እኔን እምቢ ስለማትለኝ ነው። እዚያ መምህርት እንደሌለችም አውቅ ነበር።»

ቲሊ ሳህኑን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የልጇን ኮሌታ አስተካከለች፣ ያልተፈታውንም ቁልፍ ፈታ መልሳ ቆለፈችው።

«ነይ እንሂድ» አለቻት። «ነገም ሳይነጋ ነው የምትነሺው። ወይዘሮ ማየስታስን ደኅና ይሁኑ በያቸው።»

ልጅቱ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ክርስትና እናቷን አየች።

«ደኅና ይሁኑ፣ ወይዘሮ ማየስታስ።»